45 ደቂቃ ለአንድ ከተማ፦ የኦሊምፒክ ተናጋሪዎች እንዴት ይሠለጥናሉ?

ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ፣ ቲኪ ገላና በማራቶን ወርቅ ያጠለቁበት የ2012 ኦሊምፒክ ለንደን የደረሰው ለጥቂት ነው። ፓሪስ ልትወስደው ጫፍ ላይ ነበረች። ጁላይ 6 ቀን 2005 ሲንጋፖር ላይ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባላት አዘጋጅ ከተማ ለመምረጥ በሰጡት የመጨረሻ ዙር ድምፅ ለንደን 54፣ ፓሪስ 50 አገኙ። ለንደንን ከመረጡት ውስጥ ሦስት ሰዎች ብቻ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ኖሮ ጥሩነሽ የምትሮጠው ሌላ ከተማ ውስጥ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በሦስት ሰው የሚወሰን ከሆነ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መድረክ ላይ የሚባለው ሁሉ ዋጋ አለው። ለዚህ ነው ከተሞች ለዚያች አንድ ሰዓት የንግግር አሠልጣኝ፣ ጸሐፊ፣ የፊልም ባለሙያ እና አማካሪ የሚቀጥሩት። ሙያው ራሱን የቻለ ገበያ አለው። የለንደን ቡድን የኮሙኒኬሽን ኃላፊ የነበረው ማይክ ሊ በኋላ ለሪዮ ሠራ። ከዚያው ቡድን የወጣው ኒክ ቫርሊ ደግሞ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ቶኪዮን አገዘ። የድርጅቱ ስም «ሰቨን ፎርቲ ሲክስ» ነው። ሲንጋፖር ላይ የለንደን ስም የተጠራበት ሰዓት ነው፤ ምሽት አንድ ሰዓት ከ46።

ብዙ ሰው አሠልጣኝ ሲባል ድምፅ የሚያስተካክል፣ «ቀና በል፣ ፈገግ በል» የሚል ሰው ይመስለዋል። እሱም አለ። ግን ትንሹ ሥራ እሱ ነው። ዋናው ሥራ ተናጋሪውን ከራሱ ላይ አንስቶ ድምፅ ወደያዘው ሰው ፊቱን ማዞር ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ፕሬዚዳንት፣ ከንቲባ እና ልዕልት ፊት ቆሞ «ይሄ ስለ እርስዎ አይደለም» ማለት ግን ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ አዳራሹን እንወቀው።

የመጨረሻው ንግግር ይህን ያህል ክብደት ያገኘው በአንድ ቅሌት ምክንያት ነው። በ1998 መጨረሻ ላይ የሶልት ሌክ ሲቲ ጉድ ወጣ። ከተማዋ የ2002ን የክረምት ኦሊምፒክ ለማግኘት ለዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባላት ስጦታ፣ ገንዘብ፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ሳይቀር ስትሰጥ እንደነበር ታወቀ። አሥር ያህል አባላት ተባረሩ ወይም ለቀቁ። ከዚያ በኋላ አባላት ተፎካካሪ ከተሞችን እየዞሩ መጎብኘት ተከለከሉ። አስቡት፤ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ከተማውን በዓይኑ አያይም። የባለሙያዎች ቡድን ጎብኝቶ የጻፈውን ሪፖርት ያነባል፤ ማንበቡም እንደ ሰውየው ነው። ስለዚህ የሚቀረው ትልቁ ዕድል መድረኩ ሆነ።

ሲንጋፖር ላይ ለእያንዳንዱ ከተማ የተሰጠው 45 ደቂቃ ለንግግር፣ 15 ደቂቃ ለጥያቄ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ያላቸው መቶ ያህል ሰዎች ይቀመጣሉ። ከነሱ መሀል የቀድሞ አትሌት አለ፣ ንጉሣዊ ቤተሰብ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ የፌዴሬሽን መሪ አለ። ከየአህጉሩ ናቸው። የኮሚቴው ይፋዊ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ናቸው፤ ብዙ አባላት ግን የሚሰሙት ጆሮአቸው ላይ በሰኩት አስተርጓሚ በኩል ነው። ድምፁ ምስጢራዊ ነው። በየዙሩ የመጨረሻ የወጣው ከተማ ይሰናበታል፤ የእሱ ደጋፊዎች በሚቀጥለው ዙር ሌላ ይመርጣሉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ነው። ማሸነፍ የሚቻለው የብዙ ሰው ሁለተኛ ምርጫ በመሆንም ነው። ሲንጋፖር ላይ በመጀመሪያው ዙር ለንደን 22፣ ፓሪስ 21፣ ማድሪድ 20፣ ኒውዮርክ 19፣ ሞስኮ 15 ነበሩ። ሁለተኛው ዙር ላይ እንዲያውም ማድሪድ 32 አግኝታ ስትመራ ለንደን 27 ላይ ነበረች። ስለዚህ አሠልጣኙ የመጀመሪያ ትእዛዙ «ማንንም እንዳትነኩ» ነው። የዛሬ የተፎካካሪ ደጋፊ የነገ ድምፅህ ነውና። ድምፁ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ በእንግሊዝ ምግብ ላይ ሲቀልዱ፣ ከእንግሊዝ የሚብስ ያለው ፊንላንድ ብቻ ነው ማለታቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከኮሚቴው አባላት መሀል ሁለት ፊንላንዳውያን ነበሩ። ያቺ ቀልድ ፓሪስን ስንት ድምፅ እንዳሳጣች ማንም በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። አሠልጣኞች ግን እስከ ዛሬ ያወሯታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አሠልጣኙ ብዕር ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው «ምን አላችሁ?» ብሎ አይደለም። «እነዚያ ሰዎች ምን ያሳስባቸዋል?» ነው የሚለው። ፓሪስ የነበራት ብዙ ነው። ዝግጁ ስታዲየም፣ ጥሩ ባቡር፣ ሆቴል፣ ልምድ። የባለሙያዎቹም ሪፖርት አወድሷታል። ሲንጋፖር ላይ ያሳየችው ፊልም በታዋቂው ዳይሬክተር በሉክ ቤሶን የተሠራ ነበር፤ የከተማዋን ውበት ነው የሚያሳየው። መልእክቷ ሲጨመቅ «ቆንጆ ነን፣ ዝግጁ ነን፣ ይገባናል» የሚል ነበር። ውሸት የለበትም። ነገር ግን ሁሉም ስለ ፓሪስ ነው።

የለንደኑን ቡድን ይመራ የነበረው አሁን የዓለም አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰባስቲያን ኮ ነበር፤ የ1980 እና የ1984 የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን። ተነስቶ ስለ ስታዲየም አላወራም። በ1968 የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ሼፊልድ ውስጥ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንደተወሰዱ ተናገረ። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ምስሉ ደብዛዛ ነው። ከሜክሲኮ ኦሊምፒክ የሚመጣ ነው፤ እኛ ማሞ ወልዴን የምናስታውስበት ኦሊምፒክ ማለት ነው። እዚያ ምስል ላይ ሁለት የሼፊልድ አትሌቶች ነበሩ፤ ጆን እና ሺላ ሸርውድ፣ ባልና ሚስት። እሷ በርዝመት ዝላይ ብር፣ እሱ በ400 ሜትር መሰናክል ነሐስ አገኙ። ትንሹ ሰባስቲያን ወደ ክፍሉ ሲመለስ ምን መሆን እንደሚፈልግ አውቆት ነበር።

ከዚያ ወደ ዛሬ መጣ። አሁን ልጆችን ወደ ስፖርት መሳብ ከባድ ሆኗል አለ። ያ ደግሞ የለንደን ችግር አይደለም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳቸው ነገር ነው። ወጣቱ ወደ ስክሪን ሲሄድ የኦሊምፒክ ተመልካች ከየት ይመጣል? ሰውየው የራሱን ታሪክ እየተናገረ የነሱን ጭንቀት ነካ። ፊልማቸውም የቴምዝን ወንዝ ከማሳየት ይልቅ በተለያየ የዓለም ጥግ ያሉ፣ ኦሊምፒክ አይተው የተነሳሱ ልጆችን አሳየ።

ከንግግሩ ያላነሰ ብልሃት ደግሞ ወንበሮቹ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ከተማ ወደ አዳራሹ ይዞ የሚገባው 100 ሰው ነው። ሌሎቹ ወንበሩን ለባለሥልጣን፣ ለባለሀብት፣ ለዝነኛ ሰጡት። ለንደን 30ውን ወንበር ለምሥራቅ ለንደን ልጆች ሰጠች። ቤተሰቦቻቸው ከየአህጉሩ የመጡ ልጆች ናቸው። ሰባስቲያን ስለ ወጣት ሲናገር እጁን ወደነሱ ዘረጋ፤ ልጆቹ እዚያው አሉ። ሰላሳ ባለሥልጣን ቅር አሰኝቶ ሰላሳ ልጅ ማስገባት! እኛ አገር ቢሆን ይሄን ውሳኔ ማን ፈርሞ እንደሚያልፈው እያሰብኩ ሳቄ ይመጣል።

ይህ ማለት ለንደን በንግግር ብቻ አሸነፈች ማለት አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ቀድመው ሲንጋፖር ገብተው ሆቴል ውስጥ አባላትን አንድ በአንድ ሲያነጋግሩ ነበር። ከዚያ ስኮትላንድ ውስጥ ለሚደረገው የቡድን 8 ስብሰባ ስለሄዱ በንግግሩ ሰዓት የታዩት በቪዲዮ ነው። ሺራክ ደግሞ በአካል ቀርበው ተናገሩ። የጓዳው ሥራ ከመድረኩ ሥራ ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ሊሆንም ይችላል። ግን አራት ድምፅ ልዩነት ላይ ሆኖ መድረኩ አይቆጠርም ማለት ይከብዳል።

እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ራሳችን ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ለጨረታ ወይም ለስፖንሰር ፕሬዘንቴሽን ሲቀርብ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ስላይድ ያውቀዋል። «ድርጅታችን በዚህ ዓመት ተቋቋመ።» ሁለተኛው ራዕይ። ሦስተኛው ተልዕኮ። አራተኛው እሴቶች። አምስተኛው የድርጅቱ መዋቅር፣ በሳጥንና በቀስት። አዳማጩ የሚፈልገው ነገር የሚመጣው ስልኩን ካወጣ በኋላ ነው። ፓሪስን የሚያህል ከተማ የተሰናከለበት ድንጋይ ይሄው ነው፤ እኛ ብቻ አይደለንም።

አሠልጣኙ ጽሑፉ ላይ የሚሠራውን በቅርበት እንይ። ይሄ ለምሳሌ የጻፍኩት ነው። ከቢሮ የመጣው ረቂቅ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ከተማችን ያስመዘገበችውን ሁለንተናዊ የመሠረተ ልማት ዕድገት ተከትሎ የአትሌቶችን የተቀላጠፈ እንቅስቃሴ ማረጋገጥ የሚያስችል የተቀናጀ የትራንስፖርት ሥርዓት ተዘርግቷል።» በወረቀት ላይ ያልፋል። በአፍ ሲነገር ግን ግሡ እስኪመጣ ድረስ ሰሚው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። አስተርጓሚውማ ግሡን ሳይሰማ መተርጎም ስለማይችል ወደ ኋላ ይቀራል። አሠልጣኙ ይሰርዘውና ይጠይቃል፦ «ይሄ ለማን ነው የሚጠቅመው?» ለአትሌት። «ታዲያ እሷ የት አለች?» ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የሚወጣው እንዲህ ይሆናል፦ «አትሌቷ ከመንደሩ ወጥታ በ20 ደቂቃ ስታዲየም ትደርሳለች። መንገዱ ለእሷ የተከለለ ነው። ዝናብ ቢዘንብም፣ ሥራ መውጫ ሰዓት ቢሆንም።» የመጨረሻዋ ሐረግ ላይ ተናጋሪው ትንሽ ቆም እንዲል ምልክት ይደረግባታል።

ልብ በሉ፤ ሁለተኛው አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚሻለው። ሊጠየቅበት የሚችል ቃል ገብቷል። «የተቀናጀ ሥርዓት» ላይ ማንም ሊጠይቅህ አይችልም፣ ስለዚህ ማንም አያምንህም። «20 ደቂቃ» ካልክ ግን ልትፈተን ነው። ጥሩ አሠልጣኝ እዚህ ላይ መሐንዲሱን ጠርቶ «እውነት 20 ነው? ወይስ 35?» ብሎ ያፋጥጠዋል። 35 ከሆነ 35 ይባላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማን ይናገር የሚለው ነው። ሽማግሌ ሲላክ እንዴት እንደሚመረጥ እናውቃለን። ገንዘብ ያለው ሁሉ አይላክም፤ የልጅቷ አባት የሚያከብረው፣ አንደበቱ የተመጠነ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚናገር የተስማማ ሰው ነው የሚላከው። እዚህም ያው ነው። ስምንት ተናጋሪ ካለ ስምንት የተለያየ ሥራ መኖር አለበት። አንዱ ለገንዘቡ ዋስትና ይሰጣል፤ ይሄ ብዙ ጊዜ የመንግሥት ሰው ነው። አንዱ ቴክኒኩን ያስረዳል። አንዱ ልብ ይነካል። ሁለት ሰው አንድ ነገር ከደገመ አንዱ ይወጣል። ማን ይውጣ የሚለው ላይ ነው ጠቡ።

በዚህ በኩል ቶኪዮን የሚያህል አላየሁም። ሴፕቴምበር 7 ቀን 2013 ቦነስ አይረስ ላይ ቶኪዮ፣ ኢስታንቡል እና ማድሪድ ለ2020 ኦሊምፒክ ቀረቡ። ጃፓኖቹ ከመጀመሪያዎቹ ተናጋሪዎች አንዷ አድርገው ያቆሟት ማሚ ሳቶን ነው። የፓራሊምፒክ ርዝመት ዘላይ ናት። በ19 ዓመቷ በአጥንት ካንሰር ምክንያት እግሯን አጣች። በ2011 ሱናሚ የቤተሰቦቿን ከተማ ሲመታ ለስድስት ቀን በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም ነበር። ይህን ሁሉ የተናገረችው እያለቀሰች አይደለም። ፊቷ ብሩህ ነበር። ከዚያ ስፖርት እንዴት እንዳቆማት፣ አትሌቶች በአደጋው አካባቢ ላሉ ልጆች ምን እንዳደረጉ ተናገረች። አሠልጣኝ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያገኝ ትልቁ ፈተናው ከማስዋብ መቆጠብ ነው። ሙዚቃ ልጨምር፣ እንባ ይምጣ ካለ አበላሸው። አዳማጩ «ሊያባብሉኝ ነው» ብሎ የጠረጠረ ቀን ልቡን ይዘጋል።

ሌላ የማይዘለል ነገር ምስል ነው። ሪዮ የ2016ን ኦሊምፒክ ስትጠይቅ በቅስቀሳዋ ሁሉ አንድ ካርታ ይዛ ዞረች። ከ1896 ጀምሮ ኦሊምፒክ የተካሄደባቸው ከተሞች በነጥብ ተመልክተዋል። አውሮፓ ተጨናንቋል። ሰሜን አሜሪካ፣ እስያ፣ አውስትራሊያ አሉ። ደቡብ አሜሪካ ባዶ ነው። ካርታውን ያየ አባል ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጥያቄው ከሪዮ ወደ እሱ ዞሯል። በጽሑፍ ቢሆን «ለምን ረሳችሁን?» የሚል ወቀሳ ይሆን ነበር። በካርታ ግን ወቀሳ አይመስልም። ሪዮ ኦክቶበር 2 ቀን 2009 ኮፐንሃገን ላይ በመጨረሻው ዙር ማድሪድን 66 ለ32 አሸነፈች። እግረ መንገዴን፦ እዚያ ካርታ ላይ አፍሪካም ባዶ ነበረች። በአህጉራችን የመጀመሪያው የሆነው ኦሊምፒክ ለዳካር 2026 የተሰጠው የወጣቶች ውድድር ነው።

አሁን ወደ ሰውነትና ድምፅ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ሥልጠናው እዚህ ብቻ ያለ የሚመስለው ክፍል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ቀላል ነው። ተናጋሪው በካሜራ ይቀረጻል፣ ራሱን ያያል፣ ይደነግጣል። እግሩን እያወዛወዘ እንደነበር፣ ዓይኑ ወረቀት ላይ እንደተተከለ፣ በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ድምፁ እንደሚወድቅ ያን ጊዜ ነው የሚያውቀው። ሦስት አራት ጊዜ ከተቀረጸ ራሱ ያስተካክለዋል።

ችግሩ ሲበዛ ነው። ቦነስ አይረስ ላይ የማድሪድ ከንቲባ አና ቦቴላ በእንግሊዝኛ ተናገሩ። አባላቱን በፕላዛ ማዮር አደባባይ ዘና ብለው ቡና በወተት እንዲጠጡ ጋበዙ። ፈገግታውም፣ የእጁም እንቅስቃሴ፣ የድምፁም ከፍና ዝቅ የተጠና ነበር፤ የሳቸው ግን አልነበረም። አገራቸው ውስጥ በዚያ ዓመት ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አጥ ነው። ስፔናውያን በዚያው ቀን ትዊተር ላይ መሳለቂያ አደረጓቸው፤ ያቺ አረፍተ ነገር ቲሸርት ላይ ሳይቀር ታተመች። ማድሪድ የወደቀችው በቡናዋ ነው ማለት አይቻልም፤ በመጀመሪያው ዙር ከኢስታንቡል ጋር እኩል 26 አግኝታ በመለያው ድምፅ 49 ለ45 ነው የተሰናበተችው። ግን እኔን ቢጠይቁኝ ጥፋቱ የከንቲባዋ አይደለም። በማይመቻቸው ቋንቋ፣ በማይሆኑት ባሕርይ ያቆማቸው ቡድን ነው። በስፓኒሽ ረጋ ብለው ቢናገሩ አስተርጓሚ ነበር።

በዚያው ቀን የቶኪዮዋ ክሪስቴል ታኪጋዋም የተጠና እንቅስቃሴ አሳይታለች። «ኦሞቴናሺ» (እንግዳ ተቀባይነት) የሚለውን የጃፓንኛ ቃል እየቆራረጠች በእጇ አንድ አንዱን አስቀመጠችው፤ ከዚያ እጅ ነሳች። እሷም ጃፓን ውስጥ ብዙ ተቀልዶባታል፤ ቃሉ ግን የዓመቱ መነጋገሪያ ሆነ። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? እሷ በቴሌቪዥን ዜና አቅራቢነት የታወቀች ነበረች፤ ካሜራ ፊት መቆም ሥራዋ ነበር። አባቷ ፈረንሳዊ በመሆናቸው የተናገረችበት ፈረንሳይኛም ቋንቋዋ ነው። የተሰጣት ልብስ ልኳ ነበር።

ስለ ሰዓት ደግሞ። እንግሊዝኛ ሲነገር በደቂቃ ከ120 እስከ 150 ቃል ይሄዳል ይባላል። ይህን ቁጥር ለአማርኛ አትጠቀሙበት፤ የኛ አንድ ቃል የእንግሊዝኛውን ሦስት አራት ቃል ተሸክሞ ስለሚሄድ ሒሳቡ አይገጥምም። ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው መፍትሔው። በሆድ ማንበብ አይቆጠርም። ደግሞ የማይታሰብ ጊዜ አለ፦ ተናጋሪዎች ሲቀያየሩ። ስምንት ሰው እያንዳንዱ ወደ ማይኩ ለመሄድ 10 ሰከንድ ከወሰደ ከአንድ ደቂቃ በላይ በእግር ጫማ ድምፅ አለቀ። ስለዚህ መነሣትና መቀመጥም ይለማመዱታል። ቀልድ በአስተርጓሚ ሲያልፍ ይሞታል፤ ጆሮ ማዳመጫ ያደረገው ሰው የሚስቀው ሌላው ሁሉ ስቆ ካበቃ በኋላ ነው። ቁጥርም እንዲሁ፤ ሦስት ቁጥር በተከታታይ ከተጠራ አስተርጓሚው አንዱን ይጥለዋል።

ንግግሩ በጽሑፍ ተይዟል፣ ተጠንቷል። ጥያቄው ግን አልተጻፈም። ብዙ ቡድን የሚፈራው እዚህ ነው።

ሪዮ ባሸነፈችበት በዚያው የኮፐንሃገን መድረክ ላይ ለተፎካካሪዋ ለቺካጎ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማና ባለቤታቸው ሚሼል በአካል ተናገሩ። ከነሱ የተሻለ ተናጋሪ ከየት ይመጣል? ከንግግሩ በኋላ ፓኪስታናዊው የኮሚቴ አባል ሰይድ ሻሂድ አሊ ተነስተው ጠየቁ፤ የውጭ ሰው አሜሪካ ሲገባ ድንበር ላይ የሚያየው መከራ ምን ይሁን? ቪዛና ኤርፖርት ያስጨነቀው ሁሉ ይሄ ጥያቄ ይገባዋል፤ እኛን ጨምሮ። ኦባማ አሜሪካ ለዓለም ክፍት መሆኗን ማሳየት እንፈልጋለን የሚል መልስ ሰጡ። ጥሩ መልስ ነው። ግን ተስፋ እንጂ ዝርዝር አልነበረውም። ቺካጎ 18 ድምፅ አግኝታ በመጀመሪያው ዙር ወጣች። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በኮሚቴው እና በአሜሪካኖቹ መካከል የቆየ የገንዘብ ክርክርም ነበር። ሆኖም ጥያቄው አንድ ነገር አጋልጧል። ዝነኛ ሰው ማቆም የአዳማጩን ቁስል አያሽርም።

ለጥያቄ መዘጋጀት የሚጀምረው ቡድኑ የሚፈራውን በመጻፍ ነው። የሚፈራውን ነው እንጂ የሚመኘውን አይደለም። ከዚያ ከውጭ ሰው ይመጣና ክፉ አባል ሆኖ ይቀመጣል። ያቋርጣል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ያንኑ ጥያቄ ቃል ቀይሮ ይደግማል። ተናጋሪው የሚማረው አንድ ልማድ ነው፦ መልሱን በመጀመሪያው አረፍተ ነገር መስጠት፣ አንድ ማስረጃ መጨመር፣ ዝም ማለት። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። እኛ ዘንድ በተለይ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ጀምሮ ሦስት ደቂቃ ዙሪያውን መሄድ የተለመደ ነው፤ ጠያቂው ያን ጊዜ መልስ እንደሌለ ገብቶታል። ሌላው ነገር ማን ይመልስ የሚለው ነው። አንድ ሰው ብቻ ጥያቄ ተቀብሎ ያከፋፍላል። ሁለት ሰው ተሻምቶ ማይክ ላይ ሲደርስ ያየ ዳኛ ሥራውንም እንዲህ ነው የሚሻሙት ይላል።

ቶኪዮን ያስጨነቃት ፉኩሺማ ነበር። ከኒውክሌር ጣቢያው የተበከለ ውኃ እየፈሰሰ ነው የሚለው ዜና በዚያው ሰሞን ትኩስ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ጥያቄው እስኪመጣ አልጠበቁም። በንግግራቸው ላይ ራሳቸው አነሱት፤ ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው አሉ። በኋላም ኖርዌያዊው አባል ገርሃርድ ሃይበርግ ሲጠይቋቸው ደገሙት። ቶኪዮ ኢስታንቡልን 60 ለ36 አሸነፈች። እንደ ሥልጠና ካየነው ፍርሃትን ቀድሞ ራስህ አንሳው የሚለው ሕግ ሠራ። ያቺ «በቁጥጥር ሥር» የምትል ቃል ግን ጃፓን ውስጥ ለዓመታት አከራክራለች፤ ከጣቢያው ኩባንያ አንድ ባለሙያ በዚያው ወር የተለየ ነገር ተናግሯል። መድረክ ላይ ያማረ መልስ ከመድረክ በኋላ የሚቆይ ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ አሠልጣኝ ይሄን ካላሰበ ሥራውን ግማሹን ነው የሠራው።

ሥልጠና የማይነካው ጓዳም አለ። የሪዮን ቅስቀሳ የመሩት ካርሎስ ኑዝማን በ2017 ድምፅ በመግዛት ተጠርጥረው ታስረዋል። የቶኪዮን የመሩት ፁነካዙ ታኬዳም በተመሳሳይ ጥርጣሬ በፈረንሳይ መርማሪዎች ሲጠየቁ ቆይተው በ2019 ከኃላፊነታቸው እንደሚለቁ አሳወቁ፤ ጥፋት የለብኝም ብለዋል። ያቺ ካርታም ሆነች የማሚ ሳቶ ንግግር በዚህ አይረክሱም። ግን «በንግግር አሸነፉ» የሚሉትን አማካሪዎች ስትሰሙ ይሄንንም በጎን ያዙት፤ እነሱም የሚሸጡት ነገር አላቸው።

የኦሊምፒኩ መድረክ ራሱ ዛሬ አንሷል። ኮሚቴው በ2019 አሠራሩን ቀይሮ ከአንድ ከተማ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ጀመረ። ብሪዝበን የ2032ን ያገኘችው በ2021 ያለተፎካካሪ ቀርባ 72 ለ5 በሆነ ድምፅ ነው። እንደ ሲንጋፖር ያለ አምስት ከተማ የሚተናነቅበት ቀን አሁን የለም። ሥራው ግን ወደ ሌላ አዳራሽ ሄደ፤ ወደ ጨረታ፣ ወደ ኢንቨስተር፣ ወደ ጉባኤ አዘጋጅነት። እዚያም ሰባት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የነጥብ ወረቀት ይይዛል። የሚቀጥለው ሳምንት ተራችሁ ከሆነ የነጥብ ወረቀቱን መስፈርት ከጨረታ ሰነዱ ላይ አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ አንድም መስፈርት የማይመልስ ስላይድ ካለ፣ የሥራ አስኪያጁ ፎቶም ቢሆን፣ ይውጣ። 20 ደቂቃ ከተሰጣችሁ 17 አዘጋጁ። ፕሮጀክተሩ እንቢ ማለቱ አይቀርም።